ምላጩን የያዘ ይናገራል

በሆስፒታሉ ውስጥ ዋናዋን ቀዶ ሐኪም የማይፈራ ሰው ካለ፣ ገና ያልተቀጠረ መሆን አለበት። እጇ ፈጣን ነው፤ ምላሷ ደግሞ ከእጇ ይብሳል። ሌሎቹ እጃቸውን ታጥበው ሳይጨርሱ እሷ ትርፍ አንጀት አውጥታ ትሰፋለች እየተባለ ይወራል። የተጋነነ ነው፤ እሷ ግን አንድም ቀን አስተባብላ አታውቅም።

በኦፕራሲዮን ክፍሏ ሕጉ አንድ ነው፤ «ምላጩን የያዘ ይናገራል፣ ሌላው አፉን ይዘጋል።» አንዴ የሆስፒታሉ ዳይሬክተር እንግዶች አስከትሎ ገባና «እዚህ ጋ ባይቆረጥ አይሻልም?» አላት። ምላጩን አስቀመጠች፣ ሁለት እጇን ከፍ አድርጋ ዝም ብላ ቆመች። ሰውየው ላብ በላብ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ንቅንቅ አላለችም።

እንግዲህ እንዲህ ያለችዋ ሴት ናት አንድ ጠዋት የሸሚዟን ቁልፍ መቆለፍ ያቃታት። የቀኝ እጇ ጣቶች ደንዝዘዋል። «ድካም ነው» እያለች ራሷን ስትሸነግል ከርማለች፤ የዚያን ዕለት ግን ባሏ ቁልፉን እየቆለፈላት ቀና ብሎ ሲያያት ዓይኗን ሰበረች። ያለዚህ እጅ ምን ልትሆን ነው? ስብሰባ መሪ?

የእጇ አንጓ ውስጥ ነርቩ በጅማት ታንቋል፤ ጅማቱ መከፈት አለበት። ይህን ሳትመረመርም ታውቀው ነበር። የቸገራት ማን ይክፈተው የሚለው ነው።

የመረጠችው ቀስበቀስን ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣችለት እሷው ራሷ ናት። ተማሪዋ ሳለ ክር ሲያስር ቆማ እያየችው «ታማሚው እስኪያረጅ ነው የምትጠብቀው?» ትለው ነበር። አሁን ራሱን የቻለ የእጅ ቀዶ ሐኪም ሆኗል፤ ስሙ ግን አልለቀቀውም።

«ያንን ስትሰድቢው የኖርሽውን ልጅ?» አላት ባሏ። «ቂም ይዞብሽ ቢሆንስ?»

«ሌሎቹ ስቆጣ ይፈጥናሉ» አለችው። «እሱ ያን ሁሉ ዓመት ስጮህበት አንድ ቀን እንኳ ፈጥኖልኝ አያውቅም። እንደሱ ያለ ግትር ነው የምፈልገው።»

በቀጠሮው ቀን ጠረጴዛው ላይ ተጋደመች። ማደንዘዣው የእጇ ብቻ ስለሆነ አፏ እንደልቡ ነው። ከፊቷ አረንጓዴ መጋረጃ ተዘርግቷል፤ ከወዲያ እጇና ቀስበቀስ፣ ከወዲህ እሷና ጣሪያው።

«ይሄ ጣሪያ ቀለም ያስፈልገዋል» አለቻት ነርሷን። ነርሷ ሳቋን ዋጥ አደረገች።

ቀጥላም ወደ መጋረጃው ዞረች። «አሁን ጅማቱ ጋ ደርሰሃል።»

«አዎ፣ ዶክተር።»

«ታዲያ መሃል ለመሃል ቁረጠዋ! ምን ትጠብቃለህ?»

ከመጋረጃው ወዲያ የመሣሪያ ኳኳታ ቀጠለ።

«እሱን ለመቁረጥ ሽማግሌ ልላክልህ? በአንድ ጊዜ ግባበት!»

የመሣሪያው ኳኳታ ቆመ። ከመጋረጃው በላይ ጓንት ያጠለቁ ሁለት እጆች ከፍ ብለው ታዩ። አልተንቀሳቀሱም።

«ዶክተር» አለ ቀስበቀስ። «ምላጩን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ዋናዋ ቀዶ ሐኪም ፊቷ ጋለ፤ መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ግን የገዛ ልቧን ምት ሰማችው። ፈርታለች። ስትጮህ የቆየችውም በፍርሃት ነው። ለዚህ ልጅ ያስተማረችውን አሁን ካፈረሰችበት፣ ምን አስተማረችው? አፏን ዘጋች። እጆቹም ከመጋረጃው ኋላ ተመለሱ።

ቀስበቀስም እንደ ስሙ ሠራ። እሷ ጣሪያውን እያየች ጥርሷን ነክሳ ቻለች። ሰፍቶ ሲጨርስ መጋረጃውን ገለል አደረገው። ጭምብሉ በላብ ርሷል።

«አውራ ጣትዎን የምታንቀሳቅሰዋ የነርቩ ቅርንጫፍ እንደሌላው ሰው በጎን አልዞረችም» አላት። «ጅማቱን መሃል ለመሃል በስታ ነው የወጣችው። እንዳሉኝ ብቆርጠው ኖሮ...»

አልጨረሰውም። እሷም እንዲጨርሰው አልፈለገችም። ነርቭ አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ እንደሚወጣ ተማሪዎቿን በየዓመቱ የምታስጠነቅቀው እሷ ናት። የገዛ እጇን ግን አልጠረጠረችውም።

ማደንዘዣው ሲለቃት አልጋዋ አጠገብ መጥቶ ቆመ። «አውራ ጣትዎን ወደ ትንሿ ጣትዎ ያምጡልኝ።»

ከፋሻው የወጣው ጣት ተንቀጠቀጠ፣ መዳፏን ተሻገረ፣ ትንሿን ጣት ነካ። አጥብቆም ተጫናት። ዋናዋ ቀዶ ሐኪም እንባዋ በጉንጯ ወረደ፤ ልትጠርገውም አልሞከረች።

«የግራውም ጀማምሮኛል» አለችው። «እሱንም አንተ ነህ የምትከፍተው።»

«እሺ፣ ዶክተር።»

ሊወጣ በሩን ሲከፍት ጠራችው። ከዚያ በፊት ለማንም ብላው የማታውቀውን ቃል ነገረችው።

«ቀስ ብለህ።»