የሾፌሩ ክብደት

ጎማዎቹ የመጡት ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ እኔን ያማከረኝ የለም። ጎሚስታው ጋሽ ታርቺዚዮ አንድ በአንድ እያንከባለሉ ወደ ጋራዣችን አስገቧቸውና ግድግዳው ላይ አስደገፏቸው። አዳዲስ ቸርኬዎች ከነጎማቸው። ሰባት ኢንች ስፋት አላቸው፤ መኪናችን ላይ ያሉት አምስት ተኩል ናቸው።

«የምንድን ናቸው?» አልኩ።

«የፊት» አሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው። «አባትሽ ነው ያዘዘው። እኔን እንዳትቆጪኝ።»

አባቴ ኦታቪዮ ሰባ አራት ዓመቱ ነው። የከተማችን የካስቴልሮቮ ሰው በየዓመቱ ሚያዝያ መጨረሻ እሁድ፣ ከአደባባዩ ተነስቶ ስድስት ኪሎ ሜትር ሽቅብ እስከ ተራራው ጫፍ በመኪና፣ ሰዓት እየተያዘበት ይወዳደራል። አባቴ አርባ ዓመት ሙሉ አልቀረም፤ መኪናውም ያችው ቀይ ባለሁለት ወንበር አሮጊት ናት። የሚነዳት እሱ ነው፣ የምጠግናት እኔ። አንድ መሣሪያ አቀብለኝ ካልኩት «ሾፌር መዶሻ አይዝም» ይለኛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ፣ አንድ ጊዜ እኔ ልወዳደርባት ብዬው ነበር። «ስሞት» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩትም፤ አልረሳሁትምም። አሁን አርባ ሰባት ዓመቴ ነው።

ባለፈው መስከረም የቀኝ እጁ አንጓ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። የወይን ጠርሙስ እንኳን የምከፍትለት እኔ ነኝ። የዚያች መኪና መሪ ደግሞ በክንድ ጉልበት ብቻ ነው የሚዞረው፤ የፊት ጎማዋ በሰፋ ቁጥር ይከብዳል። ይህን አባቴ አሳምሮ ያውቃል። እና ዘጠነኛው ኩርባ ላይ፣ ከጸሎት ቤቱ አጠገብ፣ መንገዱ ሲታጠፍ ከታች ገደል ነው። ያ እጅ እዚያ ቦታ ቢከዳውስ? ፈራሁ። እኔ ደግሞ ስፈራ እቆጣለሁ።

ምሳ ላይ ቂጣውን በቋሊማ እየበላ ሳለ ያዝኩት።

«አርባ ዓመት በቀጭን ጎማ ስትወጣ ኖረህ፣ ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ኩርባ ላይ አፍንጫዋ ወደ ውጪ ይሸሻል።»

«ድሮስ ይሸሽ አልነበር?»

«ይሸሽ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ አሁን አይሽሽ።»

«እጅህስ፣ አባባ?»

 ቋሊማው ጥሩ ነው አለና ሌላ ቆረሰ።

ከሱ ጋር መከራከር ውሃ መውቀጥ ነው። ስለዚህ ሌላ ዘዴ አሰብኩ። ሰፊ ጎማ አሮጌ መኪና ላይ ሲገባ ብዙ ጊዜ ጎማውን የሚከልለውን ፓራፋንጎ ይነካል። ከነካ ይመለሳል፤ ከተመለሰ ደግሞ «ዘንድሮ ይቅርብህ» ማለት ይቀለኛል። «አንዲት ጸጉር ታህል ከነካ በመጣበት ይሄዳል» አልኩ፣ አባቴም ጋሽ ታርቺዚዮም እየሰሙኝ። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። እውነቱን ልናገር፣ እንዲነካ እየተመኘሁ ነበር።

ሐሙስ ዕለት እኔና ጋሽ ታርቺዚዮ መኪናዋን በክሪክ አንስተን ገጠምናቸው።

«ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም» አልኳቸው ብሎን እያጠበቅኩ። «እስኪሞት ሊነዳ ነው።»

«እናንተ ቤት የደቆነው እሱ ብቻ መሰለሽ?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ምንም። ቁልፉን አቀብይኝ።»

እኛ አገር መኪና ክሪክ ላይ እንዳለች የጎማዋን ክፍተት የሚለካ የለም። የተንጠለጠለ ጎማ ውሸታም ነው፤ መሬት ሲነካና ሰው ሲቀመጥበት ነው እውነቱን የሚያወጣው። ሾፌር ደግሞ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተጎልቶ አይለካበትም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሾፌር በክብደቱ ልክ የተሰፋ የአሸዋ ከረጢት አለው። በየዓመቱ የካቲት ላይ ሾፌሮቹ በሙሉ የወይራ ወፍጮው ቤት ሄደው የወይራው ሚዛን ላይ ይወጣሉ፤ ባለወፍጮውም ኪሏቸውን እንደ ጨረታ ይጮኸዋል። ከስድቡና ከሳቁ የተነሳ ሰው ክረምቱን ሙሉ የሚጠብቀው ቀን ነው። ዘንድሮ አባቴ ሰማንያ ስድስት ወጣና ሲወርድ «ኒቬስ፣ እስቲ ውጪበት፤ ሚዛኑ የተበላሸ መሰለኝ» አለኝ። ወጣሁ። «ስድሳ አራት!» ብሎ ጮኸ ባለወፍጮው። «ሚዛኑስ ደህና ነው፣ አንቺ ነሽ የወፈርሽው» አለ አባቴ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሦስት ቀን አኮረፍኩት።

የዚያን ሐሙስ ጠዋት አባቴ ከረጢቶቹን ራሱ ወንበሩ ላይ ደርድሮ፣ አሮጌ ጃኬቱን አልብሷቸው፣ የምዝገባውን ወረቀት ሊያመጣ ወደ አደባባይ ሄዷል። መኪናዋን አወረድናት። በግራ በኩል ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር ለካሁና ከአምናው ደብተር ጋር አስተያየሁት። በአምስት ሚሊ ሜትር ከፍ ብላ ቆማለች፤ ክብደት ጎድሏታል ማለት ነው። ደግሜ ለካሁ። ያው ነው።

ጃኬቱን ገለጥኩ። አራት መሆን የነበረባቸው ባለሃያ ከረጢቶች ሦስት ናቸው። ባለስድስት ኪሎውም የለም፤ በሱ ቦታ አንዲት ትንሽ ከረጢት ተቀምጣለች።

 አባቴ የልጁን ልደት ይረሳ ይሆናል እንጂ ከረጢት አይረሳም። መጀመሪያ እጁ፣ አሁን ደግሞ አእምሮው፣ አልኩ በልቤ። የቀረውን ላመጣ ወደ መደርደሪያው ስሄድ ጋሽ ታርቺዚዮ ክንዴን ያዙኝ።

«ተይው።»

«ሃያ ሁለት ኪሎ ጎድሎ?»

«ምንም አልጎደለም። ደህና አድርገሽ ቁጠሪው።»

ትንሿን ከረጢት አነሳኋት። የተሰፋችው ከሰማያዊ የሥራ ልብሴ ነው፤ ጉልበቱ የተቀደደውን አምና የጣልኩት ነው። ስፌቱ እንደ ሰካራም መንገድ ጠማማ ነው፣ በታመመ እጅ የተሰፋ። እላይዋ ላይ በእርሳስ «4» ተጽፎባታል። ሦስት ሃያ ስድሳ። ስድሳ እና አራት።

ወንበሩም ለእግሬ እንዲመች ወደ ፊት ተስቧል። ከረጢቷን ታቅፌ ቆምኩ። 

«የጸሎት ቤቱን ኩርባ በቀጭን ጎማ ለመዞር አባትሽ ጭራዋን የሚወረውርበት ብልሃት አለው» አሉ ጋሽ ታርቺዚዮ ዝግ ብለው። «ለመማር ዓመታት ፈጅቶበታል፣ ሁለት አጥርም አፍርሷል። አንቺን እስከ እሁድ አስተምሮ አይጨርስም። ስለዚህ ጎማ ገዛ።»

አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። መቼ እንደመጣ አላየሁትም። በደህና እጁ የምዝገባውን ወረቀት ይዟል፤ የመኪናዋ ስም ተሞልቷል፣ የሾፌሩ ቦታ ባዶ ነው።

«ለኔማ ቀጭኑ ይበቃኝ ነበር» አለ።

«‹ስሞት› ብለኸኝ ነበር እኮ።»

«ሞቱ ቆየብኝ። ምን ላድርግ?»

ጋሽ ታርቺዚዮ ጣሪያ ጣሪያ ያዩ ጀመር። እኔ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ፤ ሃያ ስምንት ዓመት የያዝኩት ቂም ደግሞ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

«ለምን አልጠየቅከኝም?»

«እምቢ ብትይኝስ?»

«አንተ እምቢ ስትለኝ እኔ ችዬዋለሁ።»

«አንቺ ልጅ ነበርሽ» አለ። «ሽማግሌ እምቢ ሲባል አይችለውም።»

ከረጢቶቹን አንድ በአንድ አወረድኩና ገብቼ ተቀመጥኩ። በደርዘን የሚቆጠር ጊዜ ለሙከራ ነድቻታለሁ፣ ከታች ባለው ሜዳ መንገድ ላይ፣ ወንበሩ በሱ ልክ ሆኖ። አሁን ፔዳሉ እግሬ ሥር ነው። መሪውን ያዝኩ፤ ይከብዳል፤ ክንዴ ግን ዕድሜ ልኩን ብሎን ሲፈታ የኖረ ነው። ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አዞርኩት፤ ድምፅ የለም። ወደ ቀኝ አዞርኩት፤ መጨረሻው ላይ ሽርር አለ።

«ነካ» አሉ ጋሽ ታርቺዚዮ፣ ፊታቸው በተንኮል እያበራ። «ከነካ ይመለሳል አልተባለም?»

«የሚመለስ ነገር የለም!» አልኩ። «የፓራፋንጎው ከንፈር ወደ ውስጥ ይታጠፋል።»

አባቴ እያቃሰተ ተንበረከከና በጣቱ ዳበሰው። «የግራው ነው፣ ከጎማው በስተኋላ። ጥፍር ታህል ናት።» ከዚያ እንደ ልማዱ ቀና ሳይል እጁን ዘረጋ። «ኒቬስ፣ መዶሻውን አምጪ።»

ከወንበሩ አልተነሳሁም።

«ሾፌር መዶሻ አይዝም» አልኩት።

 አባቴ ፓራፋንጎውን ተደግፎ ተነሳና መዶሻውን ሊያመጣ ሄደ።