የቀለም ቀቢው አስተያየቶች

ሥራዋ በአንድ ቀለም ፋብሪካ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ላይ ሰው ማናገር ነበር። ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ «ሳሎናችሁ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»፣ «ከሁለቱ ቢጫዎች የቱ ያምራል?» ብላ ትለጥፋለች፤ ከዚያ ላይክና አስተያየት ስትለቅም ትውላለች። ኃላፊዋ በየሰኞው የሚጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ስንት ሰው መለሰ?»

ከሁሉም ቀድሞ የሚመልሰው አባቷ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ግድግዳ ሲቀባ ኖሮ፣ ጉልበቱ ሲከዳው ቤት የዋለ ሰው ነው። ስልክ መነካካት ያስተማረችው እሷው ናት። ልጁ የምትጽፍበትን ገጽ ካገኘ ወዲህ ግን ወደ ሥራ የተመለሰ ያህል ነፍስ ዘራ። በአንድ ጣቱ ፊደል እየለቀመ፣ ነጥብ የለ ሰረዝ የለ፣ ያወርደዋል፦ «ልጆቼ ቢጫው ያምራል ግን ግድግዳው ሳይደርቅ እንዳትቀቡ ከስር እርጥበት ካለ በሁለት ወሩ ይላጣል የማንም ቀለም ይሁን»።

«የማንም ቀለም ይሁን» የምትለዋ ኃላፊውን አንገበገበችው።

«እኚህ ሽማግሌ ማናቸው?» አላት አንድ ቀን፣ ከጀርባዋ ቆሞ። «ገበያችንን ሊዘጉብን ነው እንዴ! ታውቂያቸዋለሽ?»

«አባቴ ነው» ማለት አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ቢሮው ሁሉ በሽማግሌው ይስቅ ስለነበር ዋጠችው። «ኧረ አላውቃቸውም» አለች።

«በይ የሚጽፉትን ደብቂው።»

የተደበቀ ሰው መደበቁን አያውቅም። የጻፈው ለራሱ ይታየዋል፤ ለሌላው ግን የለም። ስሙ ላይ አንዴ ተጫነችው፣ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጽፈው ሁሉ ይደበቃል።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ አባቷ ደወለ። «የኔ ልጅ፣ ሰው ምነው ዝም አለኝ? ድሮ አንድ ሁለቱ እንኳ ‹እናመሰግናለን አባባ› ይሉኝ ነበር።»

«ያነቡታል አባዬ። ሥራ በዝቶባቸው ነው።»

«እንደሱ ከሆነስ ደግ። እኔማ አንቺን ያሳፈርኩሽ መስሎኝ ሐሳብ ገብቶኝ ነበር።»

ነገ እፈታዋለሁ አለች። ነገ ስብሰባ መጣ፣ ከስብሰባው በኋላ ዘመቻ መጣ፤ ነገ ነገ ሲባል አምስት ወር ሄደ።

አንድ እሑድ ከሰዓት አባቷ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቀጥ አለች። ደውሎ የነገራት ጎረቤት ነው።

ከሐዘን ተመልሳ ቢሮ በገባች በመጀመሪያው ቀን የተደበቁትን ከፈተች። አንድ መቶ አሥራ ሰባት ነበሩ። ከለጠፈቻቸው ጥያቄዎች አንዱንም አልዘለለም። «ለልጆች ክፍል ደማቅ ቀይ አትቀቡ እንቅልፍ ይነሳል እኔ ለልጄ የቀባሁላት ሰማያዊ ነበር እሷ ከስር ቆማ ጠብታውን በእጇ ትቀልብ ነበር» ይላል አንዱ። ወደ መጨረሻው ያገኘችው ደግሞ ስለ ቀለም ምንም የለበትም፦ «ሌላው ባይመልስም እኔ እመልሳለሁ ጠያቂዋ እንዳይከፋት»።

ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ኃላፊው ደንግጦ መጣ።

«ሽማግሌው» አለችው፣ «አባቴ ነበር።»

ሰውዬው «ነፍስ ይማር» አለና ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። እሷ አስተያየቶቹን ለሰው ሁሉ እንዲታዩ አንድ በአንድ ስትገልጣቸው አልከለከላትም።

ከሰዓት ሲሆን ገጹ ሰው በሰው ሆነ። እንዲህ ያለ ቀን አይታ አታውቅም። ምርቃት ነው፣ ምስጋና ነው፣ ጥያቄ ነው። «አባባ፣ የኔ ግድግዳ ከታች በኩል ሻጋታ ያዘው፤ ምን ይሻለኛል?» ብላ ጻፈች አንዲት ሴት።

ልጅቷ መልስ ፍለጋ አንድ መቶ አሥራ ሰባቱን እንደገና ፈተሸች። ስለ ሻጋታ የጻፈው አልነበረም።

«እህቴ፣ አባባ አርፈዋል» ብላ በፋብሪካው ስም መለሰችላት። ከሥሩም «ልጃቸው ነኝ» ብላ ጨመረች።