ቡፌው ውስጥ ያለው ሙቀት

ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ራስ ግማሹን ላጭቶ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ገልመጥ አድርጎት ሊያልፍ ሲል ዓይኑ ቁጥሩ ላይ ቀረ። ሰማንያ ዲግሪ! ማሽኑ እጁ ላይ እያጓራ ድርቅ ብሎ ቆመ።

"ምነው? ቅማል አገኘህብኝ እንዴ?" አለ ደንበኛው።

ቁጥሩ የመኖሪያ ቤቱ ሳሎን ኮምፒውተር ሙቀት ነው፤ ሰማንያ ሲደርስ ስልኩ እንዲጮህ ያደረገው ራሱ ነው። ኮምፒውተሩ ሁለት ፕሮሰሰር፣ ማለትም ሁለት አንጎል፣ ያለው አሮጌ ግዙፍ ነገር ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ሲጥለው አንስቶ አመጣው። ግራ ጎኑ አልታዘዝ ያለው አባቱ ሳሎን ተኝቶ ጣራ ከሚቆጥር ፊልም ይይበት ብሎ፣ ሁለቱንም ፕሮሰሰር ከተሠሩበት ፍጥነት በላይ አስሮጣቸው። ማቀዝቀዣ ፋኑ ሲጮህባቸው ቀስ ብሎ በሚዞር ትልቅ ፋን ለወጠው። ኮምፒውተሩን ቡፌው ውስጥ ከተተና የቡፌውን አናት በመጋዝ ቀዶ ለሙቀቱ መውጫ አበጀ። እስከዚህ ደግ። ግን ኮምፒውተሩ በጋለ ቁጥር ራሱን እያጠፋ ፊልም ሲያቋርጥ ጊዜ፣ የሚያጠፋውን መከላከያ ዘጋው። አይ ጥጋብ! አሁን ቢግል ቢግል የሚያቆመው የለም።

ሰማንያ ስምንት። አብራቸው የምትኖረው አክስቱ ጋ ደወለ።

"አክስቴ፣ ቤት ነሽ?"

"ገበያ ነኝ፣ ምነው?"

"ቡፌውን ነክተሻል?"

"ምን እነካለሁ! ያንን አስቀያሚ ቀዳዳ ዳንቴል አለበስኩት እንጂ። እንግዳ ቢመጣ ምን ይለናል?"

የሙቀቱ መውጫ ተደፍኗል። ዘጠና አራት። ከዚያ ቁጥሩ ጭራሽ ጠፋ። ኮምፒውተሩ ራሱን እንደማያጠፋ ያውቃል፤ እንግዲህ ተቃጥሏል ማለት ነው። አባቱ ደግሞ ከቡፌው ሥር ነው የተኛው፤ ቤቱ ቢነድ እንኳ ተነስቶ መውጣት አይችልም።

ሽርጡን ሳያወልቅ በረረ። "ኧረ አንተ ሰውዬ፣ በግማሽ ራስ!" የሚለው የደንበኛው ጩኸት ከኋላው ቀረ። መንገዱ አላልቅ አለው። "ገደልኩት፣ በገዛ እጄ ገደልኩት" ይላል እየሮጠ። መታጠፊያው ላይ ጭስ ሲያይ ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች። የዳቦ ቤቱ ጭስ ነበር። በሩ ጋ ሲደርስ ቁልፉ አልገባ አለው።

ውስጥ ጭስ የለም። ዳንቴሉ እንዳማረበት ተዘርግቷል፤ የቡፌው እንጨት ግን እጅ ያቃጥላል። አባቱ ከዘራውን ደረቱ ላይ አጋድሞ፣ በደህናው እጁ የተነቀለውን ሶኬት ይዟል።

"አባዬ! ተረፍክልኝ! ሸተተህ አይደል? አውቀህ ነቀልከው!"

"ምኑ ነው የሚሸተኝ?" አለ አባትየው ቃላቱን እየጎተተ። "ጠዋት ጠራሁህ፣ 'መጣሁ' አልክ። ትናንትም 'መጣሁ' ብለህ ቀረህ። ይሄ ኮምፒውተርህ ሲጠፋ ግን ትሮጣለህ። ገመዱን በከዘራዬ ስቤ ነቀልኩት።"

አባቱ እሱን ባይናፍቅ ኖሮ ይሄኔ ቤቱ ነዶ ነበር። ልጅየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ሶኬቱን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። አባትየው አልሰጠውም።