እማማን ማን ያንሳ

ሲስተር የቤት ለቤት ነርስ ናት። ልባቸው ተከፍቶ የተሰፋላቸው ሰዎች ቤታቸው ሲገቡ ቁስላቸውን የምታየው፣ መድኃኒታቸውን የምትከታተለው፣ ቀስ እያሉ እንዲራመዱ የምታለማምደው እሷ ናት። የአንድ አናጢን ቤት ገና ስትገባ ነበር የወደደችው። አንሶላው ንጹሕ፣ ወለሉ የተወለወለ። እንዲህ የሚያስታምም ቤተሰብ አያሳጣ ብላ በልቧ መረቀች። ምርቃቷ ግን ብዙ አልቆየም።

አንድ ቀን የአናጢውን ሚስት ቁስል ስታይ ከታች በኩል ቀላ ብሏል። መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ እስቲ ሳል ሳል በይ አለቻት። ከመዳፏ ሥር አጥንቱ ቋ አለ። በመጋዝ ተከፍቶ በሽቦ የታሰረ አጥንት ቋ ማለት የለበትም። እንዲህ እያለ ከቀጠለ ሴትየዋ ዳግመኛ ትከፈታለች፤ ሁለተኛው መከፈት ደግሞ እንደ መጀመሪያው አይቀልም።

ምን እንዳነሳች ጠየቀቻት። ምንም አለች፤ ዓይኗ ግን ወደ ጓዳው ሄደ።

ጓዳው ውስጥ አማቷ ተኝተዋል። እማማ ከወገባቸው በታች አልታዘዝ ካላቸው ቆይቷል። አቅፋ የምታነሳቸው፣ የምታገላብጣቸው፣ የምታጥባቸው ምራታቸው ነበረች። ሆስፒታል ስትገባ ጎረቤት ተለምኖ ነበር፤ ስትወጣ ጎረቤትም ወደ ቤቱ ሄደ። ሐኪሙ ከባድ ዕቃ እንዳታነሳ ስላለ ቤተሰቡ ጄሪካን አስጥሏታል። እማማን ግን ከዕቃ የቆጠራቸው ስለሌለ ክልከላው እሳቸውን አልነካም።

ሲስተር ደሟ ፈላ። ቤቱ ሰው አጥቶ ቢሆን ምን አለበት! ባልና ሁለት እህቶቹ ሳሎን ተጎልተዋል። እህቶቹ በየቀኑ ለጥየቃ ይመጣሉ። ጉንጯን ስመው፣ እንባቸውን ጠርገው፣ ጀግና ነሽ ብለዋት፣ የእናታቸውን በር ገርበብ አድርገው ይሄዳሉ። አፍ ቢያነሳ ኖሮ እማማ ገና ድሮ ቆመው በሄዱ ነበር።

ሲስተር ሳሎን ወጥታ ጉዱን ዘረገፈችው። ታላቅየዋ ወገቧን እንደሚያማት ተናገረች። ታናሽየዋ ሆዷ ቶሎ ይረበሻል። ቀኑን ሙሉ ሳንቃ ሲሸከም የሚውለው አናጢ ደግሞ ወንድ ልጅ የእናቱን ገላ ማየቱ ነውር ነው አለ። ነውር! የሚስቱ ደረት ሲላቀቅ ነውሩ የት ሄዶ ነበር? ይባስ ብላ ታላቅየዋ ማር በሆነ አንደበት፣ ሲስተር መምጣቷ ካልቀረ እግረ መንገዷን እናታቸውንም ብታገላብጥላቸው ምን ይጎዳታል ስትል ጠየቀች።

ሲስተር አፏ ላይ የመጣውን ስድብ ዋጠችው። አናጢውን ክንዱን ይዛ ወደ ሚስቱ አስገባችውና መዳፉን ደረቷ ላይ አስቀመጠች። ሴትየዋ ሳለች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ።

«አጥንቷ ነው። ሙጫው ሳይደርቅ የተቀመጡበት ወንበር ምን እንደሚሆን ከእኔ አንተ ታውቃለህ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ ጓዳው ግን አንድ እርምጃ አልተራመደም። እህቶቹን አየ፣ እህቶቹ ወለሉን አዩ። ታማሚዋ፣ ተዉት ግድ የለም፣ እኔው ቀስ ብዬ አደርገዋለሁ አለች። ሲስተርን ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ይሄ ነው።

ይሄኔ ከጓዳው ድምፅ መጣ። እማማ ጆሯቸው ደክሟል ተብሎ ሁሉም እንዳሻው ነበር የሚያወራው።

«አንቺ ልጅ፣ ሐኪም ፈቅዶልኛል ስትይኝ አምኜሽ ነበር» አሉ። «ከእንግዲህ እጅሽ እንዳይነካኝ። ብትነኪኝ ጎረቤት እስኪሰማ እጮሃለሁ።»

ቀጥለው ልጆቻቸውን ተጣሩ። «እናንተ ደግሞ ስሙኝ። ከጠዋት ጀምሮ ረጥቤያለሁ። በሩን ክፈቱትና እዚያው ተቀመጡ። ሦስታችሁንም የወለድኳችሁ በዚሁ ገላ ነው። ሽታውን እየሳባችሁ ማን እንደሚነሳ ተማከሩ።»

ሲስተር ሄዳ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ተመልሳም ታማሚዋ እንዳትነሳ እጇን ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። በመጨረሻ አናጢው እጅጌውን ጠቅልሎ ገባ። ሲያልፍ ምስጋና የሚጠብቅ ይመስል ሲስተርን አያት። ምን ብላ ታመሰግነዋለች፣ እናቱ ናቸው።