የዛኔታ ድምፅና የዱቄት ነፊው ሳል

፩

እህ! እህ-ህ-ህ!

አይዞህ አንባቢዬ፣ ጉንፋን አይደለም። ጭብጨባ ነው።

፪ — ማብራሪያ፣ ገና ከመጀመሪያው ለተቆጣ አንባቢ

ቦታው ቬኒስ ነው፤ መንገዱ ውሃ፣ ታክሲው ጀልባ የሆነበት የጣሊያን ከተማ። ዘመኑ ሩቅ ነው፤ ወንዶች የሰው ጸጉር ጭነው፣ ዱቄት ነስንሰውበት የሚዘንጡበት ጊዜ። በዚያች ከተማ ወላጅ አልባ ሴት ልጆችን እያሳደጉ ሙዚቃ የሚያስተምሩ ቤቶች ነበሩ። የኔን ቤት ግን ካርታ ላይ አትፈልገው። የሠራሁት እኔው ነኝ፤ ጣሪያው ቢያፈስ እኔን ውቀሰኝ።

ልጆቹ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ሰገነት ላይ፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆነው ይዘምራሉ። ሕዝቡ አያያቸውም፤ እነሱም ሕዝቡን አያዩም። ማጨብጨብ ደግሞ ነውር ነው፤ የእግዚአብሔር ቤት ነዋ! ታዲያ ሰው ደስታውን የት ያድርሰው? ይስላል። ይናፈጣል። ወንበሩን ይጎትታል። አንድ ያማረ ዜማ ሲያልቅ ቤተ ክርስቲያኑ የሳንባ ሕሙማን መታከሚያ ይመስል ነበር።

እልልታ የሚባል ነገር ቢያውቁ ኖሮ ያ ሁሉ ጉሮሮ ባልተጎዳ!

፫ — የማን ልጅ ነሽ?

እኛ አገር መጀመሪያ የሚጠየቀው ይሄ ነው። እነዚህ ልጆች ግን ወደ ቤቱ የገቡት ግድግዳው ላይ በተከፈተች ትንሽ መስኮት ነው፤ እናት ሕፃኗን ታስገባለች፣ ደወል ትደውላለች፣ ትሄዳለች። የአባት ስም የለም። ስለዚህ በሙዚቃ ድርሻቸው ይጠሩ ነበር።

— የማን ልጅ ነሽ?

— የቫዮሊን።

— አንቺስ?

— የዋሽንት።

የኛዋ ዛኔታ «ዛኔታ ዘባስ» ነበረች። ባስ ማለት ከዜማው ሥር የሚሄደው ወፍራሙ ድምፅ ነው፤ በሌላ ቦታ የወንድ ድርሻ። በዚህ ቤት ወንድ የለም፣ ድርሻው ግን አለ፤ አንዷ መሸከም አለባት። ዛኔታ ደግሞ ገና አፏን ስትከፍት የሚወጣው የሽማግሌ ቄስ ድምፅ ነው። ጓደኞቿ «አባ ዛኔታ፣ ይባርኩን!» እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች። ግን ያማታል።

፬ — ሳል

ምኑ እንደሚያማት ልንገርህ። ለቀጫጭኖቹ ድምፆች ሕዝቡ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይስላል። ለባስ ማን ይስላል? ለቤት መሠረት «ሲያምር!» የሚል ማን አለ?

ማንም።

እስከ አንድ እሁድ ድረስ። ዛኔታ ብቻዋን የምትዘምርበት አጭር ቦታ አለ። እዚያ ስትደርስ፣ ከታች፣ ከበሩ አጠገብ፦

እህ-ህ-ህ-ህህ!

በሚቀጥለውም እሁድ። በሌላውም። ሌሎቹ ሲዘምሩ ሰውየው ዝም፤ እሷ ስትጀምር ሳል። አንድ ሰው፣ ለእሷ ብቻ።

፭ — ሳል ሰምቶ ፍቅር እንዴት ይያዛል (መመሪያ)

ለጊዜው ዛኔታ ሁኚ። ወንድ ብትሆንም ሁኚ።

ቅዳሜ ጸጉርሽን ታጠቢ፣ ማንም እንደማያይሽ እያወቅሽ። ለሳሉ ፊት ፍጠሪለት። መጀመሪያ ረጅም ሰው አድርጊው። ከዚያ ትንሽ ቀንሺለት፤ በጣም ረጅም ሰው ይኮራል። ጥርሱን አደራ። እሁድ ድርሻሽ ሲደርስ ጠብቂ። ሳሉ ሲመጣ ፍርግርጉን ያዢ። ሳይመጣ ቢዘገይስ? ያኔም ያዢው።

፮ — ሳል

እትዬ ኦርሶላ የመዘምራኑ አለቃ ናት። በዚያችው መስኮት ገብታ እዚያው ያረጀች፣ ቁጣዋ ከከንፈሯ የማያልፍ ሴት።

ኦርሶላ፦ ምን ሆነሻል? ምግብ ትተሻል።

ዛኔታ፦ እትዬ፣ አንድ ሰው ይስልልኛል።

ኦርሶላ፦ ወይ ጉዴ!

ዛኔታ፦ ለኔ ብቻ ነው የሚስለው።

ኦርሶላ፦ በዓይኑ የወደደ አይቻለሁ። በሆዱ የወደደ አይቻለሁ። በሳንባው የወደደ ግን ዛሬ ሰማሁ።

ዛኔታ፦ ላመሰግነው ብቻ ነው።

ኦርሶላ፦ ብቻ! ስንቷ «ብቻ» እያለች ገባችበት!

ግን ሰው ልካ አስጠራችው። እሷም ሰውየውን ለማየት ጓጉታ ነበር።

፯ — ሳል

ከዛኔታ ቀድመህ እውነቱን እወቅ።

ሰውየው ቢያጆ ይባላል። ከተራራ አገር በቅርብ የመጣ፣ ዳቦ ቤት ውስጥ ዱቄት የሚነፋ ወጣት። ዱቄቱ ደረቱ እየገባ ያስለዋል። በዚህ ከተማ ሳል ምስጋና እንደሆነ የነገረው የለም፤ ሕዝቡ ሁሉ ሲስል እየሰማ «ይሄ እርጥበት ሰውን ጨረሰው» ብሎ ያዝን ነበር። እሱ ግን ጨዋ ልጅ ነው፣ በዝማሬ መሃል መሳል ያፍራል። ፊቱ ቲማቲም እስኪመስል ሳሉን ይይዘዋል። ባሱ ሲመጣ ግን «ይሄ ትልቅ ድምፅ ይሸፍንልኛል» ብሎ ይለቀዋል።

በቃ፣ ነገሩ ይሄ ነው። ስጽፈው ዛኔታ አንጀቴን በላችኝ።

፰ — የእንግዳ ክፍል

(እዚህም በመካከል ፍርግርግ አለ። ኦርሶላ ጥግ ላይ ተቀምጣ ታንኮራፋለች፣ ወይም ታስመስላለች።)

ቢያጆ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሁለተኛ አይለምደኝም።

ዛኔታ፦ (በሹክሹክታ) ምኑ?

ቢያጆ፦ ሳሉ ነዋ፤ የዳቦ ቤቱ ዱቄት ነው የሚያስለኝ። በሩ አጠገብ የምቀመጠው እኮ እንዳልረብሽ ብዬ ነው።

ዛኔታ፦ እኔ የጠራሁዎት ላመሰግንዎ ነው።

ቢያጆ፦ ስለ ሳል?

ዛኔታ፦ እዚህ አገር እኮ… ሰው የሚስለው ዜማው ደስ ሲለው ነው።



ቢያጆ፦ ታዲያ ያ ሁሉ ሕዝብ ጤነኛ ነው?!

ዛኔታ ማልቀስ ነበረባት። ያን ሁሉ ቅዳሜ ጸጉሯን የታጠበችው ለዱቄት ኖሯል። ግን ሳቅ ቀደማት፤ ከሆዷ የመጣ፣ ብረቱን ያንቀጠቀጠ ወፍራም ሳቅ። ቢያጆ ከወንበሩ ተነሣ።

ቢያጆ፦ ያ ድምፅ የእርስዎ ነው እንዴ? እኔ እኮ ሽማግሌ ቄስ መስሎኝ!

ዛኔታ፦ አባ ዛኔታ እባላለሁ።

ቢያጆ፦ ከተራራ ከወረድኩ ወዲህ ፈርቼ ነው የምኖረው። ውሃው ያስፈራኛል፣ ሰዉ ያስፈራኛል። እፎይ የምለው የእርስዎ ድምፅ ሲመጣ ብቻ ነው።

ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል እኔ አላውቅም። የምታውቀው ካለ ኅዳጉ ላይ ጻፍልኝ።

፱ — ደንብ

ቢያጆ መመላለስ ጀመረ። «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» እና «አንተ» መጣ። ጥቂት ወራት እንዳለፉ እንዳገባሽ ትፈቅጃለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ቤቱ አይከለክልም።

ደንቡ ግን አለ፦ ልታገባ የምትወጣ ልጅ ከዚያ ወዲያ በሰው ፊት ላትዘምር ትምላለች። በቤተ ክርስቲያን አትዘምርም። በአዳራሽ አትዘምርም።

በጭራሽ።

(የግርጌ ማስታወሻ፦ ቤቱን እኔ ፈጠርኩት እንጂ እንዲህ ያለ ደንብስ በዘመኑ ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ክፋት የኔ ፈጠራ አይበቃም።)

፲ — የእንግዳ ክፍል

ቢያጆ፦ ድምፅሽን አስጥዬሽ ምኑን አገባሁሽ?

ዛኔታ፦ እኔስ ድምፄን ታቅፌ ከማን ጋር ላረጅ ነው?

ቢያጆ፦ እሁድ እሁድ እመጣለሁ። እስክናረጅ።

ዛኔታ፦ በፍርግርግ?

ቢያጆ፦ በፍርግርግ።

ዛኔታ፦ እጅህን ሳልይዝ?

(ኦርሶላ ማንኮራፋቷን ታቆማለች።)

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ የኛ ሰዎች። ዛኔታ ግን ሁለቱንም ዛፍ ትፈልጋለች። ለምን አትፈልግ!

፲፩ — ልብስ ማጠቢያው ጋ

ዛኔታ፦ እትዬ፣ እርስዎን የጠየቀ ሰው ነበር?

ኦርሶላ፦ እንዴታ! ጀልባ ቀዛፊ። ትከሻው በበር አይገባም ነበር።

ዛኔታ፦ እና?

ኦርሶላ፦ ዘመርኩ።

ዛኔታ፦ ይቆጭዎታል?

ኦርሶላ፦ ሰኞና ማክሰኞ ይቆጨኛል። እሁድ አይቆጨኝም።

ዛኔታ፦ ረቡዕስ?

ኦርሶላ፦ ረቡዕ ልብስ አጥባለሁ። ያዢ፣ ይሄን አንሶላ ጭመቂ።

፲፪ — እሁድ

ዛኔታና ቢያጆ እንዲህ ተባባሉ፦ ቃል አያስፈልግም። ከቀረች ትዘምራለች። ከወጣች የባሱ ቦታ ሲደርስ ድምፅ አይሰማም፤ ያኔ ቢያጆ በጎኑ በር ይዙር፣ ጓዟን ይዛ ቆማ ያገኛታል። ቢያጆ «በሁለቱም ደስ ይለኛል» አላት። ወይም በሁለቱም ልቡ ይሰበራል፤ ያን አልነገራትም።

ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል። ቀጫጭኖቹ ድምፆች ወጡ፣ ወጡ፣ ጣሪያው ጋ ደረሱ። ሁሉም ጸጥ አለ። የአንድ ትንፋሽ ያህል ዕረፍት አለ፣ ከዚያ ባስ ይገባል።

ቢያጆ ዓይኑን ጨፍኗል። እኔ ግን ጸሐፊው ነኝ፣ ፍርግርጉን አልፌ አያለሁ። ኦርሶላ እጇን አንሥታለች። ፈገግ ብላለች። ፈገግታዋ ግን ምንም አይነግርህም፤ ለሁለቱም ፈገግ ትል ነበር።

ሁለቱንም መጨረሻ ጽፌ ነበር። በሁለቱም ሳቅሁ፣ በሁለቱም አለቀስኩ፣ ሁለቱንም ቀደድኩ። ዛኔታ የኔ ብቻ ልጅ አይደለችም፤ እስካሁን ስትሰማት ቆይተሃል፣ ያንተም ናት፤ የቀረውን አንተ ጻፍላት።

የኦርሶላ እጅ ወረደ።

፲፫

ዛኔታ፦