የአራት ቁጥር አራተኛ እግር

…አክስትን ከበሩ በኩል፣ አዎ፣ ከመሬቱ በኩል፣ ከሐይቁ እንድትርቅ፣ አክስት ሚዛን ላይ ስትወጣ እኮ ሚዛኑ ራሱ ይቅርታ ጠይቆ ይወርዳል፣ እሷ በሐይቁ በኩል ከተኛች አለቀ፣ አሥራ አንድ ሰው ከነፍራሹ ዓሣ ሆኖ ያድራል፣ ይላል አናጺው ለራሱ፣ ጆሮው ላይ የሰካትን እርሳስ አውርዶ ጣውላ ላይ አራት ማዕዘን እየሳለ። ይህ ጎጆው። ይህ በሩ። ይህ መስኮቱ፣ ውሃውን የሚያየው፣ እናቴ ከሥሩ እተኛለሁ ያለችው። እናቴን ተዋት። እሷን መጨረሻ ላይ።

ታላቅ እህቱ ጠዋት ነው የደወለችው፣ ገና መጋዝ ሳያነሳ፣ አንተ ምስማር ተነስተሃል ወይ ብላ፣ ቤተሰቡ ምስማር ነው የሚለው፣ ቀጭን ስለሆነና የመቱት ቦታ ሁሉ ስለሚገባ፣ ቅዳሜ ሁላችንም ሐይቁ ዳር ልንወርድ ነው፣ ሁለት ሌሊት፣ ትንሽ ሙቀት ይግባን፣ አጥንታችን በሰበሰ፣ የእንጨት ጎጆም ይዣለሁ፣ ስድስት ጎጆ አለን አሉኝ፣ እኔ ግን ወንድሜ የሠራውን ካልሰጣችሁኝ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ፣ አራት ቁጥርን። አራት ቁጥር ስትል ድምፅዋ ደረቱን ነፍቷል፣ የሱ ሆድ ውስጥ ደግሞ የሆነ ነገር ጉድጓድ እንደገባ ባልዲ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ እስካሁን መሬት አልነካም። ጎሽ እትዬ፣ አላት። ጎሽ። ምላስ ሲፈራ ያገኘውን ይላል።

አራት ቁጥርን ከሠራ ሁለት ዓመት ሆነው። ያኔ ሐይቁ ሸሽቶ ከጎጆው መቶ እርምጃ ይርቅ ነበር፣ ውሃ የጠማት ላም ስንቅ ይዛ ነበር የምትወርደው። ጎጆው አራት እግር አለው፣ ሁለቱ በበሩ በኩል፣ ሁለቱ በመስኮቱ በኩል፣ እያንዳንዱ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ። የሱ ሜትር ደግሞ ጫፏ ተቆርጧል፣ አንድ ቀን ራሱ በመጋዝ ገዝግዟት ከሃያ ሳንቲም ነው የምትጀምረው፣ ሰው አዲስ ግዛ ቢለው ምን ችግር አለው፣ በለካሁ ቁጥር ሃያ እጨምራለሁ ይላል። ለአንደኛው እግር ጨመረ። ለሁለተኛው ጨመረ። ለሦስተኛውም። አራተኛው ላይ ለሠራተኞቹ ቀልድ እያወራ ነበር፣ ስለዚያች ባለቤቷን ለዳኛ የከሰሰች አህያ፣ ሰዉ ሆዱን ይዞ ይንከባለላል፣ እሱም ሃያዋን ረስቶ እየሳቀ ቆረጠ፣ ሲያቆሙት እግሩ ድንጋዩን አልነካም፣ አንድ ስንዝር፣ ንጹህ አየር።

ሌላ ግንድ አልነበረም። እና ቁራጭ እንጨት፣ ለስላሳውን፣ ለማገዶ እንኳ የሚታዘንበትን፣ ከሥር ወተፈ፣ አራት ምስማር፣ ከላይ ጭቃ፣ ከጭቃው ላይ ቀለም። ቀለም የአናጺ ንስሐ ነው ብሎ አሳቃቸው ደግሞ። ሳቁለት። ሁሌም ይስቁለታል።

ባለፈው ክረምት ሐይቁ ተመለሰ። የጎጆዎቹ ጠባቂ ነው የነገረው፣ አራት ቁጥር አሁን ውሃ ላይ ነው፣ ከሥሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል፣ እንግዳ እንዴት እንደወደደው፣ በመስኮት ዘንበል ብለው ዓሣ ያያሉ። ጥሩ ነው፣ አለው። ለስላሳ እንጨት፣ ውሃ ውስጥ፣ ዓመት ሊሞላው ነው። ሰው ባያውቅ እንጨቱ ያውቃል።

እሺ፣ አክስት በበሩ በኩል። የእህቱ ባል፣ ሾፌሩ፣ እሱም በበሩ በኩል፣ ሲጨፍር እኮ የጎረቤት ብርጭቆ ከመደርደሪያ ይወርዳል፣ ጭፈራ ክልክል ነው እላለሁ፣ የቦታው ሕግ ነው፣ ማን ያውቃል። መንታ ልጆቻቸው ይዘላሉ፣ መንታዎቹን ውጭ፣ ድንኳን፣ ድንኳን ለልጅ ጥሩ ነው። እርሳሷ ትሮጣለች፣ ጣውላው በሰው ተሞላ፣ ሁሉም በበሩ በኩል እንደ ተቃቀፈ መንጋ፣ በመስኮቱ በኩል ማንም የለም። እናቱ ብቻ። ልጄ ከሠራው መስኮት ሥር ካልተኛሁ አልሄድም ብላለች አሉ፣ ከዚያ መስኮት ሥር ወለሉ፣ ከወለሉ ሥር አራተኛው እግር፣ ከእግሩ ሥር ያ ቁራጭ። እናቴ ግን ቀላል ናት፣ ዘንድሮ ደግሞ ከስታለች፣ ምን ትመዝናለች፣ አርባ ሦስት፣ አርባ አራት…

እርሳሷ ቆመች።

እናቱን እየመዘነ ነው። እናቱን እንደ ጣውላ።

መናገር ይሻላል። ለማን። የጎጆዎቹ ባለቤት ሌላ አሥር ጎጆ ሊያሠራው ነው፣ ከዚህ ወዲያ ማን መጋዝ ያስነሳዋል፣ ምስማር ሳይሆን ዝገት ይሉታል፣ ሰው የሳቀልህን ያህል ይስቅብሃል። አይ፣ ሌላ መንገድ አለ፣ እህቱ ከአንበሳ ጋር ትታገላለች፣ የሌሊት ወፍ ሲባል ግን ጠረጴዛ ላይ ነው የምትገኘው፣ ስልኩን ያነሳል፣ እትዬ፣ አሁን ሰው ነገረኝ፣ አራት ቁጥርን የሌሊት ወፍ ወርሶታል፣ ጣሪያው ጥቁር ነው አሉ፣ ሌላ ለምኝ። ኡኡ አለች፣ ዘጋች። ይኸው። እንዲህ ነው። ባልዲው መሬት የነካ መሰለው፣ መላጊያውን አነሳ፣ ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ይወድቃል፣ እንጨቱ ይሸታል፣ ፀሐይ በበሩ እስከ እግሩ ገብታለች፣ እንዲያውም አፏጨ።

ስልኩ ይጮኻል።

ተቀየረልን አለች እህቱ፣ አምስት ቁጥርን ሰጡን፣ እናታችን ብቻ አኩርፋለች፣ ለእሷ እኔ አለሁ። ደግሞ የሚያስቀው፣ አምስት ቁጥርን ይዛ የነበረችው አስተማሪ ናት፣ ሃያ ሁለት ተማሪ ይዛ ነው የምትመጣው፣ ጠባቂው ትቀይሪያለሽ ወይ፣ የሌሊት ወፍ ግን አለው አሉ ሲላት ልጆቹ ከኋላዋ ሰምተው ጮኹ፣ የሌሊት ወፍ፣ የሌሊት ወፍ እያሉ፣ እሱ ካልሆነ አንሄድም አሉ። ነገ ይገባሉ።

ነገ፣ ይላል።

ነገ ከሰዓት።

እርሳሷ በራሷ ትሄዳለች፣ አጫጭር ሰረዝ፣ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ ልጅ በበር በኩል አይቀመጥም፣ ልጅ መስኮት ነው የሚወደው፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣ አንዱ ዓሣ አየሁ ካለ ሁሉም ነው የሚመጡት፣ አሥራ ስድስት፣ እየተገፋፉ፣ አንዱ የአንዱ ጀርባ ላይ፣ ሃያ፣ ሃያ አንድ፣ ስንት ይመዝናሉ፣ ምንም አይመዝኑም፣ ልጅ ምን ይመዝናል፣ ሃያ ሁለት፣ ይዘላሉ ግን፣ የሌሊት ወፍ ፍለጋ ጣሪያውን ለመንካት ይዘላሉ፣ መዝለሉን እኔ ነኝ የሰጠኋቸው። ጣውላው ላይ መስኮቱ አይታይም፣ በሰረዝ ጠቁሯል።

በል ቻው፣ ምስማር፣ እያለች ነው እህቱ።

እትዬ፣ አትዝጊው።

ምን ሆንክ አንተ።

ሜትሬ ከሃያ ነው የምትጀምረው፣ ይላል።

እህቱ ትስቃለች፣ ቀልድ መስሏት፣ እሱ አፉን ከከፈተ ቀልድ ነዋ፣ ባሏንም ትጠራዋለች፣ ና ስማ ይሄን፣ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋዋለች፣ ክፍሉ ሁሉ በስልኩ ማዶ ይጠብቃል፣ ለመሳቅ ተዘጋጅቶ።

ከዚያስ፣ ትለዋለች፣ ቀጥል እንጂ።

ይቀጥላል፣ አራተኛው እግር ላይ ሃያዋን አልጨመርኩም ይላል።