የፀዲ ተክሎችና የካሳ ጥማት

ካሳ የቀረበለትን ውሃ እስከ ታች ጨልጦ ኩባያውን መለሰ። ከቁርስ ወዲህ ስንተኛው እንደሆነ መቁጠር ትቷል።

"ልድገምዎት?" አሉ አማቱ እትዬ የሻረግ፣ ጆጉን እንደያዙ።

"ይበቃኛል እማማ፤ እግዜር ይስጥልኝ።"

እሳቸው ግን ጆጉን ይዘው ወደ ግቢው ዛፍ ጥላ ዞሩ። እዚያ፣ በርጩማ ላይ በተቀመጠ ሰፌድ፣ የሚስቱ የፀዲ ተክሎች ሥሮቻቸው ተጋልጠው፣ አፈር እንኳ ሳይለብሱ ተሰጥተዋል። እትዬ የሻረግ ከንፈራቸውን መጠጡ። ጆጉ ማዘንበል ጀመረ።

"እማማ!" አለ ካሳ ብድግ ብሎ። "ለካ አልረካሁም። እስቲ ይድገሙኝ።"

ፀዲ ለመምህራን ሥልጠና ደሴ ስትሄድ አደራ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። መስኮቱ ላይ የደረደረቻቸውን፣ እያንዳንዳቸውን ከአንድ ቅጠል አንስታ ሁለት ዓመት ያሳደገቻቸውን፣ ውሃ በቅጠላቸው የሚያጠራቅሙ ሳኩለንት የሚባሉ ተክሎች እያሳየች፣ "ምንም እንዳታደርጋቸው" አለችው። "አታጠጣ፣ አታንቀሳቅስ። ዝም ብለህ እያቸው።"

ዝም ብሎ ማየት ደግሞ ለካሳ አይሆንለትም። ከቆቦ ወጣ ብሎ ባለ የሽንኩርት ማሳ የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ የሚያንቀሳቅስ ሰው ነው፤ ውሎው ማጠጣት ነው። እነዚያ ወፍራም ቅጠል ያላቸው ትንንሽ ተክሎች ጠጠር በሞላው የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ ሲያያቸው እስረኛ መሰሉት። ሚስቱን ሊያስደንቃት ቆርጦ ተነሳ። ጎርፍ ከተራራው አምጥቶ የሚያስተኛውን፣ ማሽላን ከሰው ቁመት በላይ የሚያሳድገውን ጥቁር ደለል በከረጢት አመጣ። ባዶ የቀለም ጣሳዎች አጥቦ ሞላ፤ ተክሎቹን አዛውሮ እስኪጠግቡ አጠጣቸው። ጣሳዎቹን አልበሳቸውም። ውሃን ያህል ነገር ማን ያፈስሳል?

ብዙም ሳይቆይ ቅጠሎቹ ቢጫ ሆኑ፤ ሲነኳቸው እንደ በሰበሰ ቲማቲም ይፈርጣሉ። አስፋልቱ ዳር ችግኝ የምትሸጠው ራዊያ አንዱን ጣሳ አሽትታ ፊቷን አዞረች።

"ወላሂ፣ ይሄማ ረግረግ ነው! አሰጠምካቸው እኮ።"

"ይድናሉ?"

"አውጣቸው። የበሰበሰውን ሥር ቆርጠህ ጥላ ውስጥ አስጣቸው፤ ቁስላቸው ይድረቅ። ከዚያ አሸዋና ጠጠር፣ ከታች የተበሳ ዕቃ። እስከዚያ ጠብታ ውሃ እንዳይነካቸው!"

"ለፀዲ እንዳትነግሪያት።"

"እኔ አልናገርም። እነሱ ግን ይናገራሉ።"

ካሳ እንደተባለው ቆርጦ አሰጣቸው። ያላሰበው እትዬ የሻረግን ነበር። ልጃቸው ስትሄድ "አማቼ ጦማቸውን እንዳያድሩ" ብለው ከሮቢት የመጡ ናቸው። ከሠርጉ ቀን አንስቶ አንቱ ይሉታል፤ እሱም ቀና ብሎ ፊታቸውን አይቶ አያውቅም። እሳቸው ደግሞ በዚህ ሐሩር ሥሩ የተጋለጠ ነገር ሲያዩ እጃቸው ወደ ጆጉ ይሄዳል። "ተዉ" ይበላቸው? አማቱን? ፓምፑ ጋ ሲሄድ ሰፌዱን መኝታ ቤት ይቆልፍበታል። ተመልሶ ለነፋስ ሲያወጣው ግን፣ ጆጉ ባዘነበለ ቁጥር ያለው መላ አንድ ብቻ ነው፤ "ጠማኝ" ይላል።

ማታ ላይ እትዬ የሻረግ በስልክ ሲንሾካሾኩ ሰማ። ሹክሹክታቸው ሦስት ቤት ያልፋል።

"ፀዲዬ፣ እንዳትደነግጪ እንጂ ባልሽ ደህና አይደሉም። ውሃ፣ ውሃ፣ ውሃ! ሌሊቱን ሽንት ቤት ሲመላለሱ ነው የሚያድሩት። ስኳር ሳይኖርባቸው አይቀርም... አዎ። አበቦችሽንም ነቅለው ሰፌድ ላይ አስጥተዋቸዋል። እኔ እንጃ፣ ልጄ!"

በማግስቱ ፀዲ ሥልጠናውን ሳትጨርስ ከባጃጅ ወረደች። ከሁለቱ ወሬ የትኛው እንዳስመጣት ማወቅ አልተቻለም። መጀመሪያ ባሏን አየች፤ ቀጥላ ሰፌዱን።

"የቱ ነው የታመመው?"

"ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰጂያቸው" አሉ እናቷ፣ ለካሳ ኩባያ እየሞሉ። "እስከዚያው ይጠጡ።"

ፀዲ በርከክ ብላ አንዱን ተክል አነሳች። የተቆረጠው ሥር ደርቋል። ከጎኑ ክር የመሰለ አዲስ ነጭ ሥር ብቅ ብሏል።

"አትንካቸው አላልኩህም?"

"ብለሽኛል። ደለል ውስጥ ከተትኳቸው፤ አሰጠምኳቸው።"

"ማን አወጣቸው?"

"እኔው።"

"ይሄን ሁሉ ውሃስ ለምን ትጠጣለህ?"

ካሳ በእጁ ያለውን ኩባያ አየ። አሞኛል ቢል በአንድ መርፌ ይገላገላል፤ የአማቱም ክብር አይነካም። ኩባያውን ወደ አፉ አስጠጋ። ያን ጊዜ እትዬ የሻረግ ጆጉን ይዘው ወደ ሰፌዱ ጎንበስ አሉ፤ ልክ ወደ አዲሱ ሥር።

ካሳ ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ቀና ብሎ ፊታቸውን አየ። ከጠበቀው በላይ ፀዲን ይመስላሉ።

"እማማ፣ አልጠማኝም" አለ። "እነሱም አልጠማቸውም።"

ጆጉ አየር ላይ ቆመ።

"እስከዛሬ ሳይጠማዎት ነው የጠጡት?"

"አዎ፣ እማማ።"

"አፍ የለዎትም? 'ተዉ' አይሉኝም ነበር?"

"ይኸው አሁን አልኩ።"

እትዬ የሻረግ ጆጉን ወደ አፋቸው አንስተው ራሳቸው ጠጡበት። ፀዲ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች።

ካሳ ጣሳዎቹን የሚበሳበት ሚስማርና መዶሻ ፍለጋ ተነሳ። መጀመሪያ ግን ሽንት ቤት ደረሰ።